ሲያልኮት፦ በእጅ ሙያ የኖረች ጥንታዊት የፑንጃብ ከተማ

የተከበራችሁ አድማጮች፣

ዛሬ የማወራችሁ በፓኪስታን የፑንጃብ ክፍለ ሀገር ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ፣ ከካሽሚር ተራሮች ግርጌ ስለምትገኘው ስለ ሲያልኮት ከተማ ነው። ሲያልኮት ከቼናብ ወንዝ በስተ ደቡብ ባለው ለም ሜዳ ላይ የተቆረቆረች ስትሆን የሕንድ ድንበር አፍንጫዋ ሥር ነው፤ ከካራቺ ወደብ ግን ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በአካባቢዋ የብረት ማዕድን አይቆፈርም፤ የጎማ ዛፍም አይበቅልም። እንዲህም ሆኖ በዓለም ላይ በእጅ ከሚሰፉት የእግር ኳሶች አብዛኞቹ የሚወጡት ከእርሷና በዙሪያዋ ካሉት መንደሮች ነው፤ በየሀገሩ ያሉ ሐኪሞች በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ከሚይዟቸው መቀሶችና መቆንጠጫዎች መካከልም እጅግ ብዙዎቹ እዚያ የተቀጠቀጡ ናቸው። ጥሬ ዕቃም ወደብም የሌላት ከተማ ለዚህ የበቃችው ነገሥታት ሲፈራረቁባት፣ ሃይማኖት ሲለዋወጥባት፣ ድንበር ሲሰመርባት የባለ እጆቿ ሙያ ከአባት ወደ ልጅ ሳይቋረጥ በመተላለፉ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህንን ለማሳየት ከጥንቱ ልነሣ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውንም ከወዲሁ ላስታውስ።

የከተማዋ ሰዎች ትውልዷን የሚቆጥሩት በማሃባራታ ከሚነገርለት ከማድራ ንጉሥ ከሻልያ ነው። በዚያ ታላቅ ተራኪ ግጥም ውስጥ ሻልያ የእኅቱን ልጆች ሊረዳ ጦሩን አስከትሎ ሲጓዝ በመንገዱ ሁሉ ድግስ ተደግሶ ይጠብቀዋል። ግብሩን ከበላና ከጠጣ በኋላ ድግሱን ያሰናዳው የእኅቱ ልጆች ጠላት መሆኑን ይረዳል፤ ሆኖም የበላበትን ውለታ መካድ ስላልቻለ ከገዛ ዘመዶቹ በተቃራኒ ተሰልፎ ይዋጋል፤ በመጨረሻም በጦር ሜዳ ይወድቃል። ይህ ተረት እንጂ ታሪክ አይደለም፤ ቢሆንም የማድራ ዋና ከተማ ትባል የነበረችው ሻካላ ወይም ሳጋላ የዛሬዋ ሲያልኮት እንደሆነች ብዙ ተመራማሪዎች ያምናሉ።

ከተረት ወደ ታሪክ የምንሸጋገረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ በነገሠው በግሪካዊው ንጉሥ በሚናንደር ነው። ታላቁ እስክንድር ካለፈ በኋላ ከባክትሪያ፣ ማለትም ከዛሬዋ ሰሜን አፍጋኒስታን አካባቢ፣ የመጡ ግሪኮች በሰሜን ምዕራብ ሕንድ መንግሥታትን መሥርተው ነበር። ከእነዚህ ነገሥታት ሁሉ ስሙ የገነነው ሚናንደር መቀመጫው ሳጋላ ነበረች። የቡድሃ እምነት ተከታዮች ሚሊንዳ ብለው በሚጠሩት በዚህ ንጉሥና ናጋሴና በተባለው መነኩሴ መካከል የተደረገውን ክርክር የያዘው የፓሊ ቋንቋ መጽሐፍ ሳጋላን በሮቿ የጸኑ፣ አደባባዮቿ የተዋቡ፣ ሱቆቿ ከቫራናሲ በመጣ ጨርቅና በሽቶ የተሞሉ የንግድ ከተማ አድርጎ ይገልጻታል።

በክርክሩ ውስጥ አንድ ስፍራ አለ። ንጉሡ መነኩሴውን ማን እንደሆነ ሲጠይቀው፣ መነኩሴው መልሶ ንጉሡ ወደዚያ የመጣው በእግሩ ነው ወይስ በሠረገላ ብሎ ይጠይቃል። በሠረገላ ነው የሚል መልስ ሲሰጠው፣ ሠረገላው የቱ ነው፣ ምሰሶው ነው፣ ዘንጉ ነው፣ መንኰራኵሩ ነው፣ ቀንበሩ ነው እያለ አንድ በአንድ ይጠይቀዋል። ንጉሡም ለእያንዳንዱ አይደለም እያለ ከሄደ በኋላ፣ ሠረገላ የሚባለው እነዚህ ሁሉ ክፍሎች ሲገጣጠሙ የሚሰጥ መጠሪያ እንጂ ለብቻው የቆመ ነገር እንዳልሆነ ይቀበላል። መነኩሴው ሊያስተምር የፈለገው ስለ ሰው ማንነት ነው፤ ምሳሌውን የወሰደው ግን እያንዳንዱ ባለሙያ የየራሱን ክፍል ከሚሠራበት የእጅ ጥበብ ዓለም ነበር። የዛሬዎቹ የሲያልኮት ወርክሾፖችም የሚሠሩት በዚሁ መንገድ መሆኑን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

እዚህ ላይ የእኛን አገር የሚነካ ነገር ስላለ ላንሣው። በ1ኛው ክፍለ ዘመን አንድ የግሪክኛ ተናጋሪ ነጋዴ በቀይ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ ያሉትን ወደቦች በዘረዘረበት ጽሑፉ ስለ አዱሊስ ወደብና በዚያ ግዛት ስለነበረው ስለ ንጉሥ ዞስካሌስ ይናገራል፤ ወደ አዱሊስ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከልም የሕንድ ብረትና ጨርቅ ይጠቅሳል። በዚያው ጽሑፍ በጉጅራት ጠረፍ በነበረችው በባሪጋዛ ወደብ የሚናንደር ስም በግሪክ ፊደል የተቀረጸባቸው አሮጌ የብር ገንዘቦች እስከዚያ ዘመን ድረስ ይገበያዩባቸው እንደነበር ተጽፏል። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ፣ ዐፄ ካሌብ ወደ የመን ለመዝመት ሲሰናዱ በአዱሊስ የነበረውና የመታሰቢያ ድንጋዩን ጽሑፍ የገለበጠው የግሪክኛ ተናጋሪው ነጋዴ ኮስማስ፣ በሕንድ ሰሜን ስለነገሠውና 2,000 ዝሆኖች አስከትሎ ይዘምታል ስለተባለው ጎላስ ስለተባለ፣ ከመካከለኛው እስያ የመጡ ነጭ ሁኖች የተባሉ ሕዝቦች ንጉሥ ሰምቶ ጽፏል። የታሪክ ሊቃውንት ይህን ንጉሥ መቀመጫውን በሻካላ ካደረገው ከሚሂራኩላ ጋር አንድ ያደርጉታል። ከመቶ ዓመት በኋላ በዚያ ያለፈው ቻይናዊው መነኩሴ ሹዋንዛንግ ያገኘው የፈረሱ ግንቦችን፣ ግን ጽኑ መሠረቶችን ነበር።

ከሲያልኮት ተረቶች ሁሉ በሕዝቡ ልብ ውስጥ ሥር የሰደደው የፑራን ታሪክ ስለሆነ በእርሱ ላይ ጥቂት ልቆይ። ራጃ ሳልባን ከንግሥት ኢቸራን ወንድ ልጅ ሲወልድ፣ ኮከብ ቆጣሪዎች አባት የልጁን ፊት እስከ 12 ዓመት ድረስ እንዳያይ ያስጠነቅቃሉ፤ ልጁም ከምድር በታች በተሠራ ቤት ውስጥ ያድጋል። በዚህ መካከል ያረጀው ንጉሥ ሉና የተባለችውን ከዝቅተኛ ወገን የተወለደች ወጣት ያገባል። ፑራን ወደ ብርሃን ወጥቶ የእንጀራ እናቱን እጅ ሊነሣ ሲሄድ ሉና በመልኩ ትማረካለች፤ እርሱም እናቴ ነሽ ብሎ ቢርቃት፣ የጲጥፋራ ሚስት በዮሴፍ ላይ እንዳደረገችው ሁሉ፣ ሊደፍረኝ ነበር ብላ ለንጉሡ ትከሰዋለች። ንጉሡ ሳይመረምር ይፈርዳል፤ የልጁ እጆችና እግሮች ተቆርጠው አካሉ ከከተማው ውጭ ባለ ጉድጓድ ውስጥ ይጣላል።

ፑራን በጉድጓዱ ውስጥ ብዙ ዓመት ከኖረ በኋላ ታላቁ ዮጊ፣ ማለትም የሂንዱ መናኝ፣ ጎራክናት ከደቀ መዛሙርቱ ጋር በዚያ ያልፋል። ከጉድጓዱ የወጣው አንዲት ድንግል በፈተለችው ነጠላ የጥጥ ክር ተስቦ ነው ይላሉ፤ ክሩ ያልተበጠሰው የፑራን ንጽሕና ስለረዳው ነበር። ጎራክናት የተቆረጡትን እጆችና እግሮች ይመልስለታል፤ ፑራንም ዓለምን ንቆ ይመንናል። በኋላ ወደ ሲያልኮት ተመልሶ በደረቀው የአባቱ የአትክልት ቦታ ሲቀመጥ ዛፎቹ ያብባሉ፤ ስታለቅስ የታወረችውን እናቱን ዓይን ያበራል፤ ማንነቱን ሳታውቅ ልጅ ይሰጠኝ ዘንድ ብላ ልትለምነው የመጣችውን ሉናንም ኃጢአቷን ካናዘዘ በኋላ ይቅር ይላታል፤ ወንድ ልጅ እንደምትወልድም ይነግራታል። ያ ልጅ የፑንጃብ ተረቶች ሁሉ ጀግና፣ ከግዙፋን ጋር የተዋጋውና ራሱን አስይዞ ከንጉሥ ሲርካፕ ጋር የተጫወተው ራጃ ራሳሉ ነው።

ከከተማው በስተ ሰሜን የሚገኘው የፑራን ጉድጓድ ዛሬም ይጎበኛል፤ ልጅ የሚሹ ሴቶች በውኃው ይታጠባሉ፤ ከእነርሱም መካከል ታሪኩ የተወለደበትን እምነት የማይከተሉ ሙስሊሞች ብዙ ናቸው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ አንድ ታዋቂ የፑንጃብኛ ገጣሚ፣ ያለ ፈቃዷ ለሽማግሌ የተዳረችው ሉና በደሏ አልተነገረላትም ብሎ ታሪኩን ከእርሷ ወገን ሆኖ እንደገና ጽፎታል። እኔ ግን ይህን ተረት በሰማሁ ቁጥር የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው፦ በእጆቿ የምትኖር ከተማ ስለ ራሷ የምትነግረው ትልቁ ታሪክ፣ እጆቹን በግፍ ስላጣና መልሶ ስላገኘ ልጅ መሆኑ ነው።

ቀጥሎ ያሉትን ዘመናት በአጭሩ ልለፋቸው። ከዛሬዋ አፍጋኒስታን የመጣው የጎሩ ገዢ መሐመድ በ1185 በሲያልኮት ምሽግ ጦር አሰፈረ፤ በኋላ በሕንድ የሞጉሎችን መንግሥት የመሠረተው ንጉሥ ባቡር በ1520 ከተማዋን ያዘ። የሲክ እምነት መሥራች ጉሩ ናናክም በከተማዋ እንዳረፈ ይነገራል፤ በጥላው ሥር ተቀምጦበታል በሚባለው ዛፍ አጠገብ የቆመው ቤተ መቅደስ ለዚህ መታሰቢያ ነው። በሞጉሎች ዘመን ሲያልኮት የምትታወቀው በሁለት ነገሮች ነበር። አንደኛው ወረቀት ነው፤ ነጭና ጠንካራ ሆኖ በከተማዋ ዳርቻ የሚሠራው ወረቀት ለቤተ መንግሥትና ለጽሕፈት ቤቶች ይቀርብ ነበር። ሁለተኛው ኮፍትጋሪ የተባለው የብረት ጌጥ ሲሆን መፍለቂያው ኮትሊ ሎሃራን የተባለችው የቀጥቃጮች መንደር ነበረች። ባለ እጁ የሰይፉን ወይም የጋሻውን ብረት በስለታም መሣሪያ በሁሉም አቅጣጫ በጣም በቀጭኑ ይጭረዋል፤ ከዚያም የወርቅ ክር በሐረግ መልክ እየመራ በጭረቱ ላይ ያሰፍርና በትንሽ መዶሻ ይመታዋል፤ ወርቁ የብረቱን ጭረት ነክሶ ይይዛል። በመጨረሻም በእሳት አሙቆ በለስላሳ ድንጋይ ይፈትገዋል። አንድ የተሳሳተ ምት የብዙ ቀን ሥራ ስለሚያበላሽ ልጆች ይህን ሙያ የሚማሩት በአባታቸው ጎን ተቀምጠው ለዓመታት በማየት ነበር።

በ1849 እንግሊዞች ፑንጃብን ሲይዙ ሕዝቡን ትጥቅ አስፈቱ፤ ሰይፍ የሚያዝዝ መኳንንት ጠፋ። ጥቂት ቆይቶም የፋብሪካ ወረቀት ገበያውን ወረረ። የሲያልኮት ሁለቱ ሙያዎች በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ገዢ አጡ። ብዙ የሕንድ ከተሞች በዚህ ጊዜ ሞተዋል። ሲያልኮትን ያተረፋት እንግሊዞች በከተማዋ አጠገብ የሠሩት ትልቅ የጦር ሰፈርና ከእርሱ ጋር የመጡት ሚስዮናውያን ናቸው። በሐምሌ 1857 በሰፈሩ የነበሩት የሕንድ ወታደሮች አምፀው ነበር፤ ዐመፁ በቀናት ውስጥ በጭካኔ ተደመሰሰ፤ ሰፈሩ ግን ቀጠለ።

የከተማዋ ሰዎች እንደሚተርኩት በ1880ዎቹ አንድ የእንግሊዝ መኮንን የቴኒስ ራኬቱ ቢሰበርበት፣ አዲስ ከእንግሊዝ እስኪመጣ ከመጠበቅ ይልቅ ለአካባቢው ባለ እጅ ሰጠው፤ የተጠገነውም ከመጀመሪያው የማይተናነስ ሆኖ ተገኘ። ኳስም በተመሳሳይ መንገድ ወደ ኮርቻና ጫማ ሰፊዎች እጅ ገባ። ቅጠሉ ለሐር ትል የሚሰጠው ዛፍ በአካባቢው ስለነበር እንጨቱ ለራኬትና ለሆኪ ዱላ ዋለ። የስኮትላንድ ክፍለ ጦሮች የሚነፉት ባለ ከረጢቱ የሙዚቃ መሣሪያ ባግፓይፕ ሳይቀር በሲያልኮት መሠራት ጀመረ፤ ዛሬም በዓለም ላይ የዚህ መሣሪያ ዋነኛ አምራች እርሷ ናት። በሚስዮን ሆስፒታል የነበሩ ሐኪሞች ደግሞ የተበላሹ መሣሪያዎቻቸውን ለቀጥቃጮቹ ይሰጡ ነበር። ሰይፍ ሲቀጠቅጥና ሲያለሰልስ የኖረ እጅ የሐኪም መቀስ ለመሥራት የሚጎድለው ነገር ጥቂት ስለነበር ከመጠገን ወደ መሥራት ለመሻገር ጊዜ አልፈጀበትም። በ2ኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሲያልኮት ለሕብረቱ ጦር የቀዶ ሕክምና መሣሪያ አቅራቢ ሆነች።

የሚስዮን ትምህርት ቤቶችንም መዘንጋት አይገባም። ፓኪስታን ብሔራዊ ገጣሚዬ የምትለው መሐመድ ኢቅባል በዚህች ከተማ በ1877 ተወለደ፤ አባቱ በልብስ ስፌት የሚተዳደሩ፣ በመደበኛ ትምህርት ያልገፉ ነገር ግን በመንፈሳዊ ሕይወታቸው የተከበሩ ሰው ነበሩ። ዐረብኛና ፋርስኛ ያስተማሩት መምህር ሚር ሐሰን በስኮትላንድ ሚስዮን ኮሌጅ ያስተምሩ ነበር። ኢቅባል የሰር ማዕረግ ሊሰጠው ሲታሰብ መምህሬም ይከበሩ ብሎ እንደጠየቀና፣ ምን መጽሐፍ ጽፈዋል ቢባል «መጽሐፋቸው እኔ ነኝ» ብሎ እንደመለሰ ይነገራል።

ትልቁ ፈተና የመጣው በ1947 ነው። የእንግሊዝ አገዛዝ አብቅቶ ፑንጃብ በሕንድና በፓኪስታን መካከል ለሁለት ሲከፈል ሲያልኮት ለፓኪስታን ደረሰች። የስፖርት ዕቃ ድርጅቶቹ ባለቤቶች በአብዛኛው ሂንዱዎችና ሲኮች ስለነበሩ በደም በተበከለው በዚያ የስደት ወራት ንብረታቸውን ጥለው ወደ ሕንድ ሄዱ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በጃላንዳር ሰፍረው ሁለተኛ ሲያልኮት ሊባል የሚችል የስፖርት ዕቃ ኢንዱስትሪ አቋቋሙ። ወደ ሲያልኮት በተቃራኒው ከጃሙ በኩል እጅግ ብዙ ሙስሊም ስደተኞች ገቡ። ካፒታሉና ከውጭ ገዢዎች ጋር የነበረው የንግድ ግንኙነት ሄደ፤ ሰፊውና ቀጥቃጩ ግን በብዛት ቀረ። ትናንት ሠራተኛ የነበረው ሰው በጥቂት ዓመታት ውስጥ አነስተኛ ወርክሾፕ ከፍቶ ወደ ውጭ መላክ ጀመረ። በ1965ቱ የሕንድና የፓኪስታን ጦርነት የታንክ ውጊያ በአቅራቢያዋ በቻዊንዳ ተካሂዶ ከተማዋ ስትደበደብ እንኳ ይህ ሥራ ለዘለቄታው አልተቋረጠም።

አሁን ወርክሾፖቹን ቀረብ ብለን እንመልከት። አንድ መቆንጠጫ ሲሠራ፣ አንዱ የማይዝገውን ብረት በእሳት አግሎ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይቀጠቅጠዋል፤ ሌላው ትርፉን ይቆርጣል፤ ሌላው ጥርሱን ያወጣል፤ ሌላው በሞረድ ያስተካክላል፤ ሌላው በሙቀት ያጠነክራል፤ ሌላው ይወለውላል። እነዚህ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የአንድ ፋብሪካ ሠራተኞች አይደሉም፤ እያንዳንዳቸው በየጠባቧ ወርክሾፕ ውስጥ የየራሳቸውን ደረጃ ብቻ ይሠራሉ፤ ዕቃውም በሞተር ሳይክልና በጋሪ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞራል። መነኩሴው ናጋሴና የሠረገላውን ክፍሎች ሲጠራ ያሰበው ዓይነት ሥራ ይህ ነው። ከዚህ የሚወጣው መሣሪያ ከፊሉ ወደ ጀርመኗ ቱትሊንገን ይላካል፤ እዚያም ተጠናቆ፣ ተመርምሮና የጀርመን ስም ታትሞበት በብዙ እጥፍ ዋጋ ይሸጣል። የሲያልኮት ቀጥቃጭ ድርሻ ከመጨረሻው ዋጋ በጣም ትንሹ ነው፤ ይህም በጥራት ጉድለት ብቻ የሚመካኝ አይደለም፤ ስም ያለው ሰው ዋጋ ስለሚወስን ነው።

የከተማዋ ነጋዴዎች ችግሮቻቸውን መንግሥት እስኪፈታላቸው አለመጠበቃቸው ሊመሰገን ይገባል። ወደብ ሲርቃቸው በ1980ዎቹ በሳምብሪያል የራሳቸውን ደረቅ ወደብ አቋቋሙ። ከዚያም ገንዘብ አዋጥተው ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ገነቡ፤ በ2007 ሥራ የጀመረው ይህ ማረፊያ በፓኪስታን የመጀመሪያው የግል አውሮፕላን ማረፊያ ነው። በ2020 ደግሞ ኤርሲያል የተባለውን አየር መንገድ አስነሡ።

ኳሱን ሆን ብዬ ለመጨረሻ አስቀምጬዋለሁ፤ የከተማዋ ክብርም ጉድፍም ያለው በእርሱ ላይ ነውና። የተለመደው ኳስ 20 ባለ ስድስት ጎንና 12 ባለ አምስት ጎን፣ በድምሩ 32 ቁራጮች አሉት፤ የሚጋጠሙት ጎኖች 90 ናቸው። ሰፊው የእንጨት መቆንጠጫውን በጉልበቶቹ መካከል ይይዝና ሁለቱን ቁራጮች ጠርዝ ለጠርዝ ያስገባል፤ ከዚያ በሰም የታሸ ክር በሁለት መርፌ፣ አስቀድሞ በተበሱት ቀዳዳዎች፣ ከግራና ከቀኝ አሻግሮ በሙሉ ኃይሉ ይስበዋል። ኳሱ የሚሰፋው ተገልብጦ ነው፤ ሊያልቅ ሲል በቀረው ክፍተት ይገለበጥና የውስጥ ጎማው ይገባል፤ የመጨረሻዋን መስመር ደግሞ ሰፊው ውስጡን ሳያይ፣ በጣቱ ስሜት ብቻ ይዘጋታል። ክሩ ጣትን ይቆርጣል፤ ሙያው ዓይንንና ወገብን ይጎዳል። ጎበዝ ሰፊ በቀን ከጥቂት ኳሶች በላይ አይጨርስም፤ የሚከፈለውም በቁጥር ነው።

ሥራው በየመንደሩ፣ በየቤቱ ይሠራ ስለነበር ልጆችም ከወላጆቻቸው ጎን ይሰፉ ነበር። በ1996 አንድ የአሜሪካ መጽሔት ታዋቂ የንግድ ምልክት ያለበት ኳስ የሚሰፋ ሕፃን ፎቶግራፍ ሲያወጣ ዓለም ተቆጣ። በየካቲት 1997 የሲያልኮት የንግድና የኢንዱስትሪ ምክር ቤት ከዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትና ከዩኒሴፍ ጋር በአትላንታ ስምምነት ፈረመ፤ ስፌቱ ከየቤቱ ወጥቶ ተቆጣጣሪ ሊጎበኛቸው ወደሚችል ማዕከላት እንዲገባ ተደረገ።

ልጆች ከመርፌ ወደ ትምህርት ቤት መሄዳቸው ትክክል ነበር፤ በዚህ ላይ ሁለት ሐሳብ የለኝም። ነገር ግን ስምምነቱ የቀየረው ኳሱ የሚሰፋበትን ቦታ እንጂ ለስፌቱ የሚከፈለውን ዋጋ አልነበረም። ልጅ ለሥራ የተሰለፈው የአባትና የእናት ገቢ ቤቱን ስለማይሞላ ነበር፤ ያ ገቢ በነበረበት ቆየ። በፑንጃብ ገጠር ሴት ከወንዶች ጋር በማዕከል ተቀምጣ እንድትሠራ ባህሉ ስለማይፈቅድ፣ በቤቷ ትሰፋ የነበረች እናት ሥራዋን አጣች፤ ለሴቶች ብቻ የተከፈቱት ማዕከላት ደርሰው ያስጠጉት ከእነርሱ ከፊሉን ብቻ ነው። ኳስ የሚሸጡት ታላላቅ ድርጅቶች ስማቸውን አጸዱ፤ ወጪው የወደቀው ግን በሰፊዎቹ ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ ደግሞ ቴክኖሎጂው ራሱ ተለውጧል። በ1982ቱ የስፔን የዓለም ዋንጫ የተመታው ኳስ በሲያልኮት መሰፋቱን የከተማዋ ሰዎች ዛሬም በኩራት ያነሣሉ፤ በ2014ቱ የብራዚል ዋንጫ የተመታውና እንዲሁ በሲያልኮት የተመረተው ብራዙካ ግን 6 ቁራጮች ብቻ ነበሩት፤ የተያያዙትም በመርፌ ሳይሆን በሙቀት ነው። በዚያ የፋብሪካ መስመር ላይ ከቆሙት ሠራተኞች ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ፤ ደመወዛቸውም በወር የሚከፈል ነው። በመንደር ያለው ሰፊ ግን ይህ ሥራ አልደረሰውም፤ ለእርሱ የቀረው በርካሽ የሚሸጠው የእጅ ኳስ ነው፤ የዚያ ኳስ የስፌት ዋጋ ደግሞ ዛሬም የሚወሰነው በሲያልኮት አይደለም።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።